ጨርቁን ከመተንፈሻው አውጡት!

ጋቢና ተቀምጦ ከመገናኛ ሜክሲኮ የተመላለሰ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ያረጀ ሚኒባስ ዳገት ሲይዝ ከወንበሩ ሥር ሞቅ ያለ፣ የተቃጠለ ዘይት ዘይት የሚል ነገር ሽቅብ ይመጣል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። ረዳቱ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሂሳብ!» ይላል። እኛም አፍንጫችንን በሻርፕ ሸፍነን ዝም። ሞተሩ ከተቀመጥንበት ሥር ስለሆነ እሱ ያስወጣውን እኛ እናስገባለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ሚኒባስ አይደለም፤ ስለ አሮጌ ትራክተር ነው። እባካችሁ ገጹን አትዝጉት! ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ኔትወርክ ስንነጫነጭ የከረምን ልጆች ትራክተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገን ትሉ ይሆናል። ጥልቅ ያደረገን አንድ ጨርቅ ነው። ቅባት የጠገበ፣ በፊት የሰው ካናቴራ የነበረ ቁራጭ ጨርቅ። አርሲ ውስጥ ከአንድ ቤላሩስ ትራክተር የሞተር መተንፈሻ በፒንሳ ተጎትቶ ሲወጣ በዓይናችን አየነው። ንዴታችን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አንፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዷ አጎት (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ገንዘብ፣ የሁለት በሬ ዋጋና የባለቤታቸውን ወርቅ ጨምረው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ከተማ አንድ አሮጌ ኤም.ቲ.ዜድ 80 ገዙ። ሐሳባቸው የራሳቸውን ማሳ አርሰው ለጎረቤት በሄክታር እያከራዩ ዕዳቸውን መክፈል ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈራረሙ። ትራክተሩ ቀለሙ አዲስ ነው። ቁልፍ ሲነካ ይነሣል። ጭስ የለ፣ የዘይት ጠብታ የለ። ደላላው «ሙሽራ ነው እንጂ ትራክተር አይደለም» አለ። ሻጩ በልጆቹ ማለ።

በአራተኛው የሥራ ቀን የዘይት መለኪያው ዘንግ ከጎሬው ተስፈንጥሮ ወጣ። መልሰው ከተቱት። ደግሞ ወጣ። በሽቦ አሰሩት። (አዎ፣ በሽቦ! ሞተሩ «ውስጤ ግፊት አለ» ብሎ ሲጮህ አፉን በሽቦ አሰርንለት።) በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ሥር ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ቡለን አጠበቁ። ሰኔ 20 አካባቢ፣ ማለትም የአርሲ ገበሬ የስንዴ ዘር በእጁ ይዞ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰዓት፣ ሞተሩ ያጓራል ትራክተሩ ግን አይሄድም። በኋላ በኩል ያለው የክራንክ ዘይት መከልከያ ጎማ ተገፍቶ ወጥቶ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ፈሷል። ዘይት የጠጣ ፍሪሲዮን ደግሞ ምንም አይዝም።

ጋሼ ወደ ጋራዥ አስጎተቱት። የጋራዡ ሰው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ፣ ጭሱን አየ፣ ክዳኑን ዘጋ። «ሞተሩ አልቋል። ሌላ ሞተር ይፈልጉ።» ይህን ለማለት ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ሜትር አላወጣም፣ ጌጅ አላሰረም፣ አንዲት ቡለን አልፈታም።

እኛ የምንጣላው ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው፦ ጨርቅ ከሚጎስጉሰውና ሳይለካ «አልቋል» ከሚለው። ሁለቱ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ግን አንዱ ለአንዱ ገበያ ይከፍታል።

ጭሱ ምንድን ነው?

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተን ሽቅብ ሲሄድ አየር ያምቃል። የታመቀው አየር ይግላል፤ ናፍጣ ሲረጭበት ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። ፒስተኑና የሲሊንደሩ ግድግዳ ብረት ለብረት ተጣብቀው ሊንቀሳቀሱ ስለማይችሉ በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ያንን ክፍተት የሚጠብቁት ሪንጎች ናቸው። የኤም.ቲ.ዜድ 80 ሞተር፣ ማለትም ዲ 240፣ አራት ሲሊንደር ነው። በደቂቃ 2200 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1100 ጊዜ ያቃጥላል። ከእያንዳንዱ ማቃጠል ጥቂት ጋዝ በሪንጎቹ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መካኒኮቹ ብሎውባይ ይሉታል።

ይህ በሽታ አይደለም። ከፋብሪካ በወጣ ማግሥት ያለ ሞተርም ጥቂት አለው። የሞተር ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው መተንፈሻ ያበጁለት። በአሮጌዎቹ ትራክተሮች ላይ መተንፈሻው ውስጡ የሽቦ መረብ ያለው ቆርቆሮ ወይም ወደ መሬት የተዘረጋ ቱቦ ነው። ጋዙ ይወጣል፣ መረቡ የዘይቱን ጠብታ ያስቀራል፣ በቃ። ጋዙ የሚወጣበት ካጣ ግን ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያፈነዳል፦ መለኪያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የክራንኩን ጎማ። አብሮ የሚወርደው ውሃና አሲድ ዘይቱን ጭቃ ያደርገዋል። መተንፈሻን መድፈን ማለት ይኸው ነው። ጭሱን አላጠፋችሁትም፤ የሚወጣበትን በር ቀየራችሁለት እንጂ።

ጭሱ ሲበዛ ግን መልእክት አለው፤ መልእክቱም አንድ ብቻ አይደለም። ነጥባችን ያለው እዚህ ላይ ነው። «ጭስ በዛ» ማለት «ሪንግ አለቀ» ማለት ሊሆን ይችላል። ሪንጎቹ ሳያልቁ በጥላሸት ጎሬያቸው ውስጥ ተጣብቀውም ሊሆን ይችላል። የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ለስልሶ ሪንጎቹ መያዣ አጥተው ይሆናል። የቫልቭ መምሪያዎቹ ተበልተው ጋዝ በላይ በኩል እየገባ ይሆናል። ከአራቱ ሲሊንደር የአንዱ ብቻ ሪንግ ተሰብሮ ይሆናል። ወይም መተንፈሻው ራሱ ቆሽሾ ተደፍኖ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ አስመስሎት ይሆናል። ስድስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ፣ ዋጋቸውም የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ክዳን ከፍቶ በሁለት ደቂቃ «አልቋል» የሚል ሰው ስድስቱን በምን ለያቸው? በአፍንጫው?

ሽማግሌው

ጋሼ እጃቸውን ሊሰጡ ሲሉ ጎረቤት አንድ ሽማግሌ መካኒክ አመጣላቸው። በደርግ ጊዜ በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ሥራ የተማሩ ናቸው። አርሲ ለትራክተር እንግዳ አይደለም። የስዊድን እርዳታ ያቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዘመን የመሬት ባላባቱ ትራክተር ሲያስገባ ጭሰኛው ከመሬቱ እየተነቀለ መባረሩም አብሮ የሚነሣ ታሪክ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች መጡ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ናዝሬት ላይ በሶቪየቶች እገዛ የትራክተር መገጣጠሚያ ተከፈተና ቤላሩስ አገሩን ሞላው። ያንን ዘመን ልናወድስ አይደለም። ሽማግሌው ግን ከዚያ ያመጡት አንድ ነገር አላቸው፤ ደብተር። እያንዳንዱ ሞተር ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚጻፍበት ደብተር። ጋሼን መጀመሪያ የጠየቋቸውም «ደብተሩ የታለ?» ብለው ነው። የምን ደብተር!

እኛ የደረስነው ያን ዕለት ነበር። ካሜራ ይዘን፣ ነጭ ስኒከር አድርገን፣ ጭቃ ውስጥ። ሽማግሌው አላዩንም ማለት ይቻላል። በቀጥታ ወደ መተንፈሻው ሄዱ፣ ፈቱት፣ በፒንሳ ገቡበት፣ ካናቴራውን ጎትተው አወጡት። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጋሼ ጨርቁን ተቀበሏቸው፣ ዘርግተው አዩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለምን እንደከተቱት እስካሁን አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ የመተንፈሻውን የሽቦ መረብ በናፍጣ አጥበው መልሰው ገጠሙ። ሞተሩን አስነሥተው ለረጅም ጊዜ አሞቁት። ይህን አስምሩበት፤ በዚያ ብርድ አገር ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር የሚተፋው እንፋሎት ነው፣ ውሃ ነው። እሱን አይቶ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ከአፉ ጉም የወጣውን ሁሉ ሲጋራ አጫሽ ቢለን አይገርመንም። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው እላዩ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ እያለ ዘለለ። «አየሽ» አሉ አጠገባቸው ለነበረችው ባልደረባችን፣ «እኩል እየገፋ አይደለም፤ እየቆጠረ ነው። ሁሉም ሲሊንደር ቢሆን ወጥ ሆኖ ይነፍስ ነበር። ይሄ አንድ ወይ ሁለት ነው።»

ግን ወደ ሲሊንደሮቹ ገና አልሄዱም። በጎን በኩል ወዳለችው የአየር ኮምፕረሰር ዞሩ። ቤላሩስ ለተጎታች ፍሬንና ለጎማ መንፊያ የራሱ ትንሽ ኮምፕረሰር አለው፤ እሱም የራሱ ፒስተንና የራሱ ሪንግ አለው፤ ሪንጉ ካለቀ አየሩን የሚያስገባው ወደ ትልቁ ሞተር ሆድ ነው። የማላቀቂያ እጀታ አለችው። እጀታዋን ዘወር አደረጉ። የክዳኑ ዝላይ ቀነሰ! በዓይን የሚታይ ቅናሽ። ከጭሱ ከፊሉ ከሞተሩ አልነበረም ማለት ነው። ያ የጋራዥ ሰው «ሌላ ሞተር ግዛ» ያለበት ጭስ ከፊሉ የአንዲት የአየር መንፊያ ጥፋት ነበር።

ቀጥለው ወደ እያንዳንዱ የናፍጣ መርጫ የሚሄደውን ቧንቧ ተራ በተራ ላላ እያደረጉ መልሰው አጠበቁ። ናፍጣ ያጣ ሲሊንደር አያቃጥልም፤ የማያቃጥል ሲሊንደር ደግሞ ያን ያህል ጋዝ አያሾልክም። አንደኛው ሲላላ ክዳኑ መዝለሉን ቀጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ክዳኑ ረጋ አለ። አራተኛው ላይም ትንሽ። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ክዳንና ሁለት ጆሮ፤ ሌላ ምንም መሣሪያ አልያዙም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ «ምንጭህን አጣራ፣ አንድ ሰው የነገረህን ይዘህ አትሩጥ» ሲባል የኖርን ልጆች እንዲህ ያለ ማጣራት አይተን አናውቅም።

ከዚያ «ለምን?» አሉ። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ። ሁለት ሲሊንደር እንዲህ የበላው ምንድን ነው? ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለውን ጎማ በእጃቸው ዳሰሱ። በሥሩ በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። አሮጌው ቤላሩስ አየሩን የሚያጣራው ከታች ባለ የዘይት ሳህን ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ዘይት ሳይሆን ደረቅ ጭቃ ነበር። የመኸርና የውቂያ አቧራ በስንጥቁ እየገባ ሪንጎቹን እንደ ሞረድ ሞርዷቸዋል። አፈር ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ ከሪንጉ ብረት ይጠነክራል። አዲስ ሞተር ብትገዙና ያንን ጎማ ሳትቀይሩ ብታስነሡት በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ናችሁ።

ሦስተኛው ኃጢአት

ፊት ሁለት ብለን ነበር፤ ሦስተኛ አለ። «ሪንግ ብቻ እንቀይርለት፣ ይረክሳል» የሚል። ጋሼ ይህም ቀርቦላቸው ነበር። ችግሩ የተበላ ሲሊንደር ላይኛው ጫፍ፣ ሪንጉ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ እንደ ደረጃ ያለ ጠርዝ ይቀራል። አዲሱ ሪንግ ሹል ነውና ሄዶ ከጠርዙ ጋር ይላተማል፣ ይሰበራል። ባይሰበርም ሞላላ ሆኖ በተበላ ግድግዳ ውስጥ ክብ ሪንግ ምን ይዘጋል? ከሦስት ወር በኋላ ጭሱ ይመለሳል፤ ገበሬውም «ሠራሁት፣ እምቢ አለ» ብሎ ትራክተሩን ይረግማል። ያኔ ደግሞ ጨርቅ ያለው ሰው ይመጣል።

የሚያበሽቀን ዲ 240 ለዚህ ቀን ተብሎ የተሠራ ሞተር መሆኑ ነው። ላይነሮቹ ተነቃይ ናቸው፤ ውሃ በዙሪያቸው የሚዞር፣ ተነቅለው አዲስ የሚገቡ። ብሎኩን አዲስ አበባ ወስዶ ማስቆፈር የለም። ቴስታታው ይወርዳል፣ ኮፓው ይወርዳል፣ የተበላው ላይነር ወጥቶ አዲሱ ከፒስተኑና ከሪንጉ ጋር ይገባል። ሽማግሌው ሁለቱን ሲሊንደሮች እዚያው ጋሼ ግቢ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ሸራ ሥር፣ ዶሮ እየተመላለሰባቸው ሠሩ። (ዶሮዎቹን ማባረር የኛ የሥራ ድርሻ ነበር።) ይህን ሞተር የነደፉት ሰዎች ከጋራዥ የራቀ ገበሬ እንዳለ አስበው ነበር። እኛ ነን የረሳነው።

ሲያልቅም አንድ ነገር አስጠነቀቁ። «እንዳታስተኙት» አሉ። አዲስ ሪንግ ሥራ ይፈልጋል። በባዶው ለሰዓታት ሲንተከተክ የሚውል ሞተር ሪንጎቹ ከግድግዳው ጋር አይጋቡም፤ ግድግዳው ይለሰልሳል፣ ጥላሸት ይይዛል። እኛ አገር ደግሞ ባትሪ ስለደከመ «ካጠፋነው አይነሣም» ተብሎ ከጠዋት እስከ ማታ የሚንተከተከው ትራክተር ብዛቱ! የአንድ ባትሪ ገንዘብ ለማዳን ሞተር ይታረዳል።

ለሚሞግቱን

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናወራ የተሰጡን መልሶች አሉ። አንዱ «አሮጌውን ምን አስለፋችሁ፣ አዲስ እየገባ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር፤ ጥሩ እርምጃ ነው ብለን አጨብጭበናል። ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ሁሉ ለጋሼ ዓይነቱ ሰው የት እንደደረሰ ሱቅ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞስ አዲሱ ትራክተር አቧራ አይቅም ያለው ማነው? ማጣሪያውን ማየት ያልለመደ እጅ አዲሱንም ያረጀዋል። ልዩነቱ አዲሱ የሚያረጀው በብድር መሆኑ ነው።

ሌላው «መተንፈሻውን በቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው መልሰው፣ ጭሱን ሞተሩ ራሱ ይብላው፣ ዘመናዊ መኪኖችም እንዲህ ናቸው» ይለናል። ይህ ሰው ግማሹን አውቋል፤ ግማሽ እውቀት ደግሞ ሰው ይገድላል። አዎ፣ የምትነዷት ወይም የምትመኟት ትንሽ መኪና የሞተሯን ትንፋሽ መልሳ ትበላለች። እሷ ግን ለዚያ የተሠራ ቫልቭና ዘይት መለያ አላት። የተበላ አሮጌ ናፍጣ ሞተር የሚተፋው ጋዝ ብቻ አይደለም፣ የዘይት ጉም ነው። ናፍጣ ሞተር የዘይት ጉም ካገኘ እሱኑ እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሲጨምር ብዙ ይተፋል፣ ብዙ ሲተፋ ብዙ ይበላል። ናፍጣውን ብትዘጉት እንኳ አይጠፋም፤ አየሩን ካልከለከላችሁት እስኪበታተን ይሮጣል። ቱቦ መግጠም ካማራችሁ ከመተንፈሻው ያልጠበበ ቱቦ ገጥማችሁ ከሹፌሩ ፊት አርቁና ወደ መሬት አውርዱት፤ ጫፉም ክፍት ይሁን። ይህ ሞተሩን አያድነውም፣ የሹፌሩን ሳንባ ግን ያግዘዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ እላዩ ላይ ተቀምጦ የሚያርሰውን ልጅ የነገረው አለ?

ሦስተኛው መልስ ደግሞ የሚያናድደን ነው፤ «ገበሬው ምርመራ የሚከፍልበት የለውም።» ሽማግሌው ያደረጉትን እኮ አያችሁ። ጨርቅ ማውጣት፣ መረብ ማጠብ፣ ክዳን መገልበጥ፣ እጀታ ማዞር፣ አራት ቧንቧ ማላላት። የሚከፈልበት ምርመራ ውድ የሚሆነው ካልተመረመረው ሞተር ግዢ ሲበልጥ ነው። አይበልጥም።

እኛስ? ከደሙ ንጹሕ ነን እንዳንል። ከመካከላችን በየመሥሪያ ቤቱ ተለማማጅ ሆነን ስንልከሰከስ የትራክተር ርክክብ ያልዘገበ የለም። ሪባን ይቆረጣል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ ትራክተሮቹ በሰልፍ ቆመው ይነሣሉ፤ እኛም «ይህን ያህል ትራክተር ለገበሬዎች ተሰራጨ» ብለን እንጽፋለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰን «ስንቱ ይንቀሳቀሳል? ስንት ሰዓት ሠራ? ማጣሪያው ከየት ይገዛል?» ብለን አናውቅም። የገባውን ቆጥረን የቆመውን ሳንቆጥር ቀርተናል። ዜናው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሰናል ማለት ነው፤ ከኛ ካናቴራ።

ስለዚህ አሮጌ ትራክተር ሊገዛ የሚሄድ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ የከተማ ልጆች፣ ስልክ ደውሉ። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ የጠበቃቸው ከሆነ ይጠራጠሩ፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ ይዩት፣ ከዚያ ፊታቸው ይሙቅ። መተንፈሻው በፊታቸው ይፈታ። «ለምን ይፈታል፣ ጤነኛ ነው» የሚል ሻጭ መልሱን ነግሯቸዋል። የመለኪያው ዘንግ ላይ የሽቦ ምልክት ካለ ይሂዱ። ክዳኑን ገልብጠው ያስቀምጡ። ኮምፕረሰሩን ያላቅቁ። አዲስ ቀለም ደግሞ ከአስተማማኝነት ይልቅ ጥርጣሬ ይጨምርባቸው። አንድ ሜትር ጠራ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በመለኪያው ጎሬ ላይ አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ በዩ ቅርጽ አጥፎ ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተገፋ በማስመሪያ መለካትም ይቻላል። ሽማግሌው እንዲህ ያለ ቱቦ ለጋሼ ትተውላቸዋል። በየወሩ ለክተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ከጭሱ በፊት ያውቁታል።

ጋሼ ትራክተራቸው ዳነ፤ ዓመቱ ግን አልዳነም። ሞተሩ ሥራ ሲጀምር የጎረቤቶቻቸው ስንዴ በቅሏል፣ የኪራዩ ወቅት አልፏል፣ የባለቤታቸው ወርቅ ገና አልተመለሰም። ሻጩን ፈልገው ሲደውሉ «አይቶ የገዛ አይከሰስም» ተባሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሳቸው ደወሉልን። ያው ሰው ሌላ ቤላሩስ አምጥቶ መንገድ ዳር አቁሟል፣ ትኩስ ሰማያዊ ቀለም፣ አንዲት የዘይት ጠብታ የሌለበት። «መተንፈሻውን አዩት ጋሼ?» አልናቸው።

«እኔማ እንዳልቀርብ አባረረኝ» አሉ። «እናንተ ካሜራ አላችሁ አይደል፣ ኑና እዩት።»

ቅዳሜ እንሄዳለን። ፒንሳም ገዝተናል።